ውሻው አጥሩን ለምን ቀደደ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ማለቱን ለዛሬ ተዉት። ዛሬ ተረት ተረት ስል የውሻ ደጅ በክረምት በሉኝ። ከእናንተ መሀል ውሻ በድንጋይ የሚመታ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። እሱ ጠጋ ብሎ ይስማ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ከሰው ጋር ይነጋገር በነበረበት ዘመን፣ ውርጭ በበዛበት በአንድ ደጋ አገር ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው ጎንጤ የሚባል ባለጸጋ ነው። በሬው ብዙ ነው፤ የገለባ ክምሩ ከቤቱ ጣሪያ ይበልጣል። ሁለተኛዋ ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያለቻት አንዲት ጥገት ላም ናት። ላሟ ካለች ትርንጎ አለች፤ ላሟ ከሞተች ትርንጎ ለማኝ ናት። ሁለቱን ግቢ የምትለያቸው አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች።

ከአንዲት እናት የተወለዱ ሁለት ውሾችም ነበሯቸው። የትርንጎ ውሻ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይባላል። የጎንጤው መልኩ አመድማ ስለሆነ ዳልቻ ይባላል።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ የትርንጎን በረት አፈረሰው። ላም ደጅ አታድርም፤ ጅብ አለ። ትርንጎ ምን ታድርግ፣ ጎንጤ ዘንድ ሄዳ ላሟን በበረቱ እንዲያሳድርላት ለመነችው። እሺ አለ፤ ወተቱን ግን እኔ አልባለሁ አለ። ቅቤውን ለራሱ ያወጣል፣ አጓቱን ለእሷ ይልክላታል። የጎንጤ ጉርብትና እንዲህ ነው። እሷም የገብስ ዱቄት ስትነፋ ወንፊት ላይ የሚቀረውን ከአጓቱ ጋር ታሞቅና ለቦራ ታቀርብለታለች።

አንድ ነገር ግን ገብቷታል። ላሟን የሚጠብቃት የጎንጤ አጥር ሳይሆን ዳልቻ ነው። ዳልቻ ደግሞ የሚተኛው ጭቃ ላይ ነው።

«ጋሼ ጎንጤ፣» አለችው፤ «ለዚህ ውሻ ከዚያ ክምር አንድ እቅፍ ገለባ ጣልለት። ድንጋይ ደርድረህ ከጭቃው ከፍ አድርገው።»

ጎንጤ ሳቀባት። «ውሻ ሲሞቀው ይተኛል፤ ሲበርደው ይጠብቃል» አላት።

እሱ ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ እንዲህ ይል ነበር። ውሻ ከጠገበ አይጮህም፣ ከሞቀው አይነቃም ይላሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሾቻቸው ሲያስላቸው ይከርምና ያልቃሉ። ሰዎቹ ደግሞ የዘንድሮ ውሻ ልፍስፍስ ነው ይላሉ። ልፍስፍሱስ ሌላ ነበር።

ቦራ ግን ከቤቱ ክፈፍ ሥር፣ በድንጋይ መደብ ላይ፣ ደረቅ ገለባ ተነጥፎለት ይተኛል። ገለባው ሲረጥብ ትርንጎ ትቀይርለታለች፤ ቁንጫ እንዳይበላው ከሥሩ አመድ ትነሰንሳለች። ከዝናብ ሲገባ በአሮጌ ነጠላዋ ታደርቀዋለች፤ በጣቶቹ መሀል የተጋገረውን ጭቃ ታወጣለታለች። ፀሐይ ብልጭ ካለች ደግሞ ጨርቅ እየወረወረች ታስሮጠዋለች። ጎረቤት እያየ ሴትዮዋ አበደች ይላል።

በዚያ አገር ክረምት ጉም ሲወርድ ቀኑ ከሌሊት አይሻልም። ሰው እጁን ዘርግቶ ጣቱን አያይም። ጅብም በቀን ይመጣል።

አንድ ቀን ጉም ወረደ። አያ ጅቦ መጣና በአጥሩ ማዶ ቆመ።

«ዳልቻ፣ የት ተኛህ?»

«ጭቃ ላይ።»

«ምን በላህ?»

«ምንም።»

«ማን አለህ?»

«ጌታ አለኝ» አለ ዳልቻ፤ አለና ጮኸ። አገሩን አናወጠው። አያ ጅቦ ጌታ አለኝ ካለ ገና ነው ብሎ ሄደ።

ዝናቡ በረታ። ዳልቻ ጆሮው ቆሰለ፣ ጎድኑ ተቆጠረ፣ ያስለው ጀመር። ትርንጎ ትኩስ አጓቱን በቅል ይዛለት ብትመጣ ጎንጤ ከበር መለሳት። ውሻዬን አታባልጊብኝ አላት። ዳልቻም ራሱ ሄዶ የጌታውን ደጅ ቧጠጠ። ጎንጤ በዱላ መለሰው። ትርንጎ ይህን ከማዶ አይታ እንቅልፍ አጣች፤ የዳልቻ ጩኸት ከቀን ቀን ሲቀጥን ይሰማታል።

ሁለተኛ ጉም ወረደ። አያ ጅቦ መጣ።

«ዳልቻ፣ የት ተኛህ?»

«ጭቃ ላይ።»

«ምን በላህ?»

«ዱላ።»

«ማን አለህ?»

ዳልቻ ወደ ጌታው ደጅ ዞሮ አየ። «ጌታ አለኝ መሰለኝ» አለ። ልጮህ ቢል ሳል አነቀው። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። የቀረችው አንዲት ጉም ናት ብሎ ሄደ።

ነሐሴ ገባ። በረዶ ጣለ፣ ምድሩ ነጣ። ዳልቻ ጭቃው ውስጥ ሆኖ የወንድሙ ገለባ ሸተተው። ያን ጊዜ አጥሩን በጥርሱ ቀደደ። የቀደደው ለጅቡ አይደለም፤ ይህን ልብ በሉ። ውሻው በርዶት ነው። እየተንገዳገደ መንገዱን ተሻግሮ በትርንጎ ክፈፍ ሥር ወደቀ።

ትርንጎ ወጥታ አየችው። ከንፈሩ ላይ የአጥር እሾህ ተሰክቷል። እሱ የወጣበት ቀዳዳ ተከፍቷል፤ ላሟ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። ቀና ስትል ደግሞ ጉሙ እየወረደ ነው።

ወደ ጎንጤ ተጣራች። አጥርህ ተቀዷል፣ ውጣ አለችው። ጎንጤ እሳት ዳር ተቀምጧል። ውሻዬ ካልጮኸ ሰላም ነው አለና አልተነሳም።

ትርንጎ ከዚህ በላይ አልለመነችውም። ዳልቻን በነጠላዋ አሸችው፣ ትኩሱን አጠጣችው፣ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። መጫኛ ይዛ፣ ውሾቹን አስከትላ ወደ ቀዳዳው ሮጠች። የቀዳዳውን አፍ በሸምቀቆ ከበበችና ጫፉን ከግንድ ጋር አሰረችው። ዳልቻንና ቦራን በቀዳዳው በስተውስጥ አስቀመጠች። እሷም ከጎናቸው ተንበርክካ ትንፋሿን ዋጠች። ከኋላዋ ላሟ ታመሰኳለች።

ጉሙ ሁሉን ሸፈነው። ከማዶ ጭቃው ጨቅ ጨቅ አለ።

«ዳልቻ፣ የት ተኛህ?»

«ጭቃ ላይ።»

«ምን በላህ?»

«ምንም።»

«ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም።»

አያ ጅቦ ደስታውን አልቻለም። አንገቱን በቀዳዳው ሰደደ። ትርንጎ መጫኛውን ሳበች፤ ሸምቀቆው ጠበቀ። ሁለቱ ወንድማማቾች ግራና ቀኝ ጆሮውን ያዙት።

«ዋሸሁህ፣ አያ ጅቦ» አለ ዳልቻ። «የተኛሁት ገለባ ላይ ነው። የበላሁት ትኩስ ነው። ያለችኝም ይቺት፣ ገመዱን የያዘችው።»

አያ ጅቦ እዚያው ቀረ። ላሟ ማመስኳቷን አላቋረጠችም።

ጎንጤ ጫጫታ ሰምቶ ወጣ። የሞተ ጅብ አየ፣ የተቀደደ አጥር አየ። ዓይኑ ያረፈው ግን አጥሩ ላይ ነው። ሽማግሌ ጠራ። ውሻው አጥሬን ቀዶ ጅብ ጠርቶብኛልና ይሙት አለ። ያስኮበለለችው ትርንጎ ናትና ላሟ ለካሳ ትቅርልኝ አለ። ላሟን በገዛ እጁ ግንድ ላይ አሰራት። ትርንጎ ከጅብ ያወጣቻት ላም በሰው ልትበላ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አለቃቸው አባ ይርዳው ጢማቸውን አሻሹ። አጥር መቀደዱን ማንም አይክድም። ለምን እንደቀደደ ውሻው ይናገር ቢባል ውሻ ምስክር አይሆንም፤ የአገሩ ደንብ ነው።

«ውሻ ምስክር ካልሆነ ጌታው ይመስክር» አለች ትርንጎ። «ከውሻው መኝታ ላይ ተቀምጦ ይሟገተኝ። ሌላ አልጠይቅም።»

ጎንጤ ይህ ምን አለው አለ፤ ቡልኮውን ተከናንቦ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ ጎንጤ ቤት ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ እሳቱን ከበቡ። በረዶው ወረደ። ጎንጤ ንግግር ጀመረ፤ ጥርሱ ተንገጫገጨና ንግግሩ ጠፋው። ተነስቶ የገዛ ደጁን ቧጠጠ።

«ማነው?» አሉ አባ ይርዳው ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ አባ። በረደኝ፣ ክፈቱልኝ።»

«ሲሞቅህ ትተኛለህ፤ ሲበርድህ ትጠብቃለህ» አሉት እሳቱን እየቆሰቆሱ። «ጠብቅ።»

በረዶው አልቆመም፤ በሩም አልተከፈተም። በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ቢያዩ ጎንጤ የለም። ቀዳዳው ላይ ግን የቡልኮው ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ዱካውን ተከትለው መንገዱን ተሻገሩ። ጎንጤ በትርንጎ ክፈፍ ሥር፣ ገለባው ላይ፣ በሁለቱ ውሾች መሀል ተኮራምቶ ተገኘ። ቦራ ቦታ ለቆለታል። ዳልቻም ጌታው ነውና ፊቱን ይልሰዋል።

አባ ይርዳው ብዙ አልተናገሩም። «በል ጎንጤ፣ ፍረድ። አጥሩን የቀደደው ማነው?»

ጎንጤ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ አባ» አለ።

ላሟ ተፈታች። የትርንጎን በረት ጎንጤ በገዛ እንጨቱ እንዲሠራላት ተፈረደ። ከዚያ ወዲያ ሐምሌ በባተ ቁጥር ክምሩን ይከፍታል፤ በአገሩ ውሻ ያለው ሁሉ መጥቶ አንድ አንድ እቅፍ ይወስዳል። ዳልቻ ወደ ጎንጤ አልተመለሰም። ሳሉ ለቀቀው፣ ጩኸቱም ወፈረ፤ ሲሞቀውም ይጠብቅ ነበር።

ልጆቼ፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ ይገባል። እናንተ ግን ያን የሚላችሁን ሰው፣ ውሻውን ያስቀደደው ማነው ብላችሁ ጠይቁት።

ተረቴን መልሱ፤ ቁራሹን ደጅ ላለው አድርሱ።