የሚያበራ ሆድ

ተረት ተረት! የባሕር በረት!

የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ውስጥ፣ አፏ ከመላ አካሏ የሚሰፋ፣ ሰውነቷ እንደ ብርጭቆ ውስጧን የሚያሳይ አንዲት እባብ መሰል ዓሣ ነበረች። ብዙ ቀን በረሃብ ስትቃጠል ከርማ ሽሪምፕ የምትባል አንዲት የምታበራ ትንሽ የባሕር ፍጥረት አገኘች።

“እትዬ፣ እባክሽ ተይኝ” አለች ትንሿ ሽሪምፕ። “ብትውጪኝም ብርሃኔ ቶሎ አይጠፋም። ጦሱ ላንቺም ይተርፋል።”

“እሱን ለሆዴ ተይለት” አለችና ዋጠቻት።

ወዲያው ሆዷ እንደ ፋኖስ ቦግ አለ። ደነገጠች። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች፤ ብርሃኑ ግን በቆዳዋ አልፎ ወጣ። ጭቃ ውስጥ ልትደበቅ ወደ ታች ስትጣደፍ፣ ከበስተኋላዋ ውሃው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

“ማነው?” አለች በሹክሹክታ።

ዞር ስትል በገዛ ሆዷ ብርሃን ያየችው ጥርስ ብቻ ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ መብራት ግን አትለኩሱ።