ከአለቃው ወንበር ሥር የተቀበረው ነገር

አቶ ጠናጋሻው የአንድ መሥሪያ ቤት አለቃ ነበሩ። ወንበራቸውን ከመውደዳቸው የተነሳ ምሳቸውን እንኳ የሚበሉት እዚያው ተቀምጠው ነበር። ታዲያ በቢሮዎቹ ሁሉ ሰው በመብራት ሽቦ እየተጠለፈ ስላስቸገረ፣ ሽቦው ከወለሉ በታች በቦይ እንዲያልፍ ተወሰነ። ሥራው መልስ ለማታጣ አንዲት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተሰጠ።

አለቃው ስብሰባ በሄዱበት ቀን ሴትዮዋ ቢሯቸው ገብታ ወለሉን ቆፈረች። ቦዩን በወንበራቸው ሥር አሳልፋ ሲሚንቶውን ስትለስን አቶ ጠናጋሻው ከተፍ አሉና ክው ብለው ቀሩ።

«ምንድን ነው የቀበርሽው?»

«የመብራት ሽቦ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሽቦማ በግድግዳው ጥግ ጥግ ነው የሚቀበረው። ከሰው ወንበር ሥር የሚቀበረው መተት ነው። ከዚህ ወንበር እንድነሳ ማነው የላከሽ?»

ጩኸቱን ሰምቶ ሠራተኛው ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። አለቃው ዘበኛውን አስጠሩ።

«የላከሽን ሰው ስም አሁኑኑ ተናገሪ። አለዚያ ከሥራሽም ትባረሪያለሽ፣ ለፖሊስም አስረክብሻለሁ።»

ሴትዮዋ ሲሚንቶውን የምትለስንበትን መለሰኛ አስቀመጠች። መጀመሪያ አለቃውን፣ ቀጥሎ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሠራተኛ አየች።

«ጌታዬ» አለች ረጋ ብላ፣ «ወለል ውስጥ በሚቀበር ነገር እርስዎን ከዚህ ወንበር ማስነሳት ቢቻል ኖሮ፣ እኔ ለሽቦዬ ቦታ አላገኝም ነበር። እነዚህ ሁሉ ቀድመውኝ ቀብረው ይሞሉት ነበር።»

ሠራተኛው በአንድ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ወለሉን ማየት ጀመረ። ቀድሞ ሳቁ ያመለጠው ግን እንዲይዛት የተጠራው ዘበኛ ነበር።