ጅብ ተርቦ የተደረገው ልምምድ

አንድ ጊዜ ከስምጥ ሸለቆ ገደል ሥር የሚኖሩ አራዊት መሬት በየጊዜው እየተንቀጠቀጠችባቸው እንቅልፍ አጡ። ነገሩ ያሳሰበው ንጉሡ አንበሳ አዋጅ አስነገረ። «መሬት ስትንቀጠቀጥ ሁሉም ከዋሻው ወጥቶ ሜዳው ላይ ይሰብሰብ! ሜዳው ላይ ማንም ማንንም አይበላም! ከወዲሁም ልምምድ ይደረግ!» የልምምዱ ኃላፊነት ለቀበሮ ተሰጠ።

ቀበሮ መቼም ሹመት ካገኘች ጉድ ነው። ልምምዱ በንጉሡ ፊት እንዲያምርላት ብላ በዋዜማው ጅብን ሥጋ አጠገበችው። በማግስቱ ጦጣ ከዛፍ ላይ ስትጮህ ሁሉም ግር ብሎ ወጣ። አያ ጅቦም ሆዱን እየጎተተ መጣና ከአህያና ከውርንጭላዋ አጠገብ ዘፍ ብሎ ማንኮራፋት ጀመረ።

«ድንቅ ነው!» አለ አንበሳ። ቀበሮ ጅራቷን ነሰነሰች።

አህያ ግን አልተዋጠላትም። ውርንጭላዋ ገና ጡት አልጣለም። ልጄን ከሚናድ ድንጋይ አውጥቼ ለጅብ ላስረክበው ነው እንዴ ብላ ፈራች። ቀበሮን ጠጋ አለቻት።

«እሜት ቀበሮ፣ መሬቷ አያ ጅቦ እስኪጠግብ ትጠብቃለች?»

«ወይ አንቺ! ጌታችን ደስ ብሏቸዋል፣ ነገር አታብዢ!»

ምን ታድርግ? አንበሳ ዘንድ ሄደች። «ጌታዬ፣ ጅብ በተራበ ዕለት አንድ ልምምድ ይደረግልኝ» ብላ ለመነች።

«ልጅሽንስ ይዘሽ ትወጫለሽ?»

«እርስዎ አጠገቤ ከቆሙልኝ እወጣለሁ።»

ጅብ ጦሙን እንዲያድር ተደረገ። «እኔ? እኔ እኮ አዋጅ አክባሪ ነኝ!» እያለ ሲምል ሲገዘት አደረ። ጦጣ ጮኸች፤ ሁሉም ወጣ። ጅብ ውርንጭላውን ሲያይ መሐላው ብን ብሎ ጠፋ። ዘሎ ሊያንቀው ሲል አንበሳ በመዳፉ አጋደመው።

«ኧረ ጌታዬ! እኔም እኮ እየተለማመድኩ ነው!» አለ ጅብ አፈር እየላሰ።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «የሾምኩሽ እኔን ለማስደሰት ነው ወይስ እነዚህን ለማዳን?» ከዚያን ዕለት ወዲያ የጅብ ቦታ ከሜዳው ማዶ፣ ከአንበሳ እግር ሥር ሆነ። ቀበሮም ራሷ እየለቀመች እዚያ የአጥንት ክምር አዘጋጀችለት። ልምምዱም ጅብ ጠግቦም ተርቦም ተደጋገመ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መሬት የምር ተንቀጠቀጠች። ጦጣ ለመጮህ እንኳ ፋታ አላገኘችም። አህያ ሳታመነታ ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች ወጣች፤ ከኋላዋ የዋሻዋ አፍ በቋጥኝ ተደፈነ። ሜዳው ላይ ስትደርስ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ቀን እህል በአፉ ያልዞረው ጅብ አጥንቱን እየቆረጣጠመ ከማዶ ተጣራ።

«እሜት አህያ! ምነው ዛሬ አልፈራሽኝም?»

«እንዴት አልፈራህ! ግን የት እንደምትቀመጥ አውቃለሁ» አለችውና ልጇን ማጥባት ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው ለአደጋ የተደረገ ዝግጅት መፈተን ያለበት ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ቀን ሳይሆን የምንፈራው ነገር ባለበት ቀን መሆኑን ነው።