ሪዛሙ ጭነት

ሪዙን ቅቤ እየቀባ የሚያሾለው ከንቲባ ጓንጉል ሰው በክፍያ የሚያመላልስበት የሞተር ጀልባ በገዛ ማግስት፣ በከተማው ሐይቅ ላይ ማንኛውም ታንኳ ከባለቤቱና ካጠመደው ዓሣ በቀር ምንም እንዳይጭን ደንብ አወጣ፤ ወደቡ ላይም ዘበኛ አቆመ።

በሳምንቱ እሱ የተሳፈረበት ጀልባ የእምቦጭ አረም ተብትቦት ሐይቁ መሃል ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ከጎኑም ጉማሬ ብቅ አለ። ደግነቱ አንድ ዓሣ አጥማጅ እየቀዘፈ ደረሰ፤ ትናንት ዘበኛው አማቱን ከታንኳው ያስወረደበት ሰው ነው።

«ኧረ በፈጠረህ፣ አሳፍረኝ!» አለ ከንቲባው።

«ደንብዎን እንዴት ልጣስ ጌታዬ?» አለ አጥማጁ፣ ያጠመዳቸውን አምባዛዎች ገፋ ገፋ እያደረገ። «እዚህ መሃላቸው ጋደም ይበሉ። አምባዛም እንደ እርስዎ ሪዛም ስለሆነ ዘበኛው አይለይዎትም። ብቻ አደራ፣ እስክንወርድ ትንፍሽ እንዳይሉ፤ ደንብ የሚያወጣ አምባዛ ታይቶ አይታወቅም።»