ከዳኙ ስንሻውና የጭቃ ሹሙ ጣራ

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ የእኔን ልጅነት እንዳታስቡ፤ እኔ ከአያቴ ሰማሁት፣ አያቴም ከአያቱ ሰማው። ጅብ በቀን የሚዞርበት፣ ሰው ለደንብ ሲል ቤቱን የሚያቃጥልበት ጊዜ ነበር። ጠጋ ጠጋ በሉ። እንቅልፍ የመጣበት ካለ ከአሁኑ ይሂድ፤ መሀል ላይ የሚያዛጋ ሰው አልወድም።

በዚያ ዘመን ሰንበሌጥ አፋፍ የሚባል መንደር ነበረ። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ ገደል ነው፣ መሀሉ እንደ በሬ ጀርባ የጠበበ መሬት ነው። ቤቶቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። የአንዱ የሣር ክዳን የጎረቤቱን ሊነካ ምንም አይቀረው። ምንጩ ደግሞ ከገደሉ ሥር ነው። ጠዋት እንስራ ይዛ የወረደች ሴት የምትመለሰው ረፋድ ላይ ነው።

መንደሩ አንድ ደንብ ነበረው። ሰው ወራሽ ሳይተው ሲሞት፣ በሰልስቱ ጎረቤት ተሰብስቦ የቤቱን ክዳን ይገፍፋል። ግድግዳው ለዝናብ ይተዋል። ስለዚህ ክዳኑ የተገፈፈ ቤት ካያችሁ ባለቤቱ ሞቷል ማለት ነው። እሳት ቢበላው ግድ የለም፣ ነፋስ ቢወስደው ግድ የለም፤ እሱ የእግዜር ሥራ ነው። በሰው እጅ ከተገፈፈ ግን ባለቤቱ ቆሞ ቢሄድም ሙት ነው። ይህን ፈርተው አሮጌ ክዳን እንኳ አያነሱም ነበር። በአሮጌው ላይ አዲስ ይደርባሉ። በአዲሱ ላይ ሌላ ይደርባሉ። የአያትን ሣር፣ የአባትን ሣር፣ የልጅን ሣር ባንድ ላይ የተሸከመ ጣራ ነበር። ለእሳት ከዚህ የበለጠ ድግስ ማን ይደግስለታል?

በዚህ መንደር ስንሻው የሚባል ቤት ከዳኝ ነበረ። አጭር ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከጣራ ወድቆ ግራ እግሩን ያነክሳል። መሬት የለውም፣ በሬ የለውም፣ ልጅም አልወለደ። ያለው ማጭድና የልጥ ገመድ፣ እንዲሁም አንጓች የምትባል ሚስት ናት። ከማጭዱና ከአንጓች ምላስ የትኛው እንደሚሰላ መንደሩ ተከራክሮ አልጨረሰም። በዚያ አፋፍ ላይ ስንሻው ያልከደነው ቤት አልነበረም። የትኛው ማሰሪያ ሲቆረጥ የትኛው ሣር እንደሚወርድ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል።

በመጋቢት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እማማ ድንቄ የሚባሉ ባልቴት ሽምብራ ሲቆሉ ፍንጣሪ ተነሣ። ክዳኑን ያዘው። ነፋሱ ከበረሃው ወጣ። እሳቱ ዘለለ። ኡኡታ ተሰማ። ሴቶቹ እንስራ አዝለው ወደ ምንጩ ወረዱ። ወንዶቹ ቅጠል ቆርጠው ጣራ ሥር ቆሙ። ውሃው ሳይወጣ አንድ ቤት ነደደ። ውሃው ሳይወጣ ሁለተኛው ነደደ። ውሃው ሳይወጣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ነደደ። አምስተኛው የስንሻው ቤት ነበር።

ስንሻው እሳቱን አየ። እሳቱ በሣር ላይ ነው የሚሄደው። ሣር ከሌለ መንገድ የለውም። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ግን ማንም አላሰበውም፣ ያሰበውም ካለ አፉን ዘግቷል። ስንሻው እያነከሰ ጣራው ላይ ወጣ። ከጉልላቱ ሥር ያለችውን ማሰሪያ በማጭዱ ቆረጠ። ክዳኑ ከትከሻ ላይ እንደሚንሸራተት ነጠላ ወረደ። አንጓች ሣሩን በመንሽ እየዛቀች ወደ ገደሉ ጣለችው። እሳቱ መጣ፣ ወራጅና ማገር ብቻ አገኘ፣ ትንሽ ላሰና እዚያው ሞተ። ከአምስተኛው ቤት በኋላ ያለው መንደር በሙሉ ተረፈ።

ማንም አላመሰገነውም። ጭቃ ሹም ዘገየ፣ የመንደሩ ሹም፣ ከዘራውን ይዞ መጣ። ራቁቱን የቆመውን ጣራ አየ።

«ስንሻው በገዛ እጁ ሞተ» አለ። «ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አለ መንደሩ።

ስንሻው ከፊታቸው ቆሞ ነበር። ጥላሸት ለብሶ፣ እጁ ተልጦ፣ እየሳለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደምን ዋልክ የሚለው ጠፋ። መንገድ ላይ ሲያገኙት ዓይናቸውን ወደ ገደሉ ያዞራሉ። ቤት የሚያስከድን ከሌላ አገር ከዳኝ ያስመጣል። ስንሻው ቤቱን መልሶ ከደነ፤ መንደሩ ግን ክዳኑን እንዳላየ ሆነ። አንጓችን ለምን ከል አልለበሽም ብለው ጠየቋት።

«ይህን ያህል ሽሮ የሚጨርስ ሙት አይቼ አላውቅም» አለቻቸው።

ሰላምታ ያልነፈጉት እማማ ድንቄ ብቻ ነበሩ። የነደደው ቤታቸው እንደገና ተሠርቶላቸው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ይወጡና መንደሩ በሙሉ እንዲሰማ ይጮሃሉ፦ «እንደምን አደርክ፣ ስንሻው!» እሱም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ» ይላል። ያችን አንዲት ቃል ይዞ ይውላል። ሰው ያለ እህል ስንት ቀን እንደሚከርም ይታወቃል፤ ያለ ሰላምታ ስንት ቀን እንደሚከርም ግን የሚያውቀው ስንሻው ነበር።

ዓመቱ ዞረ። ስንሻው ሥራ ስላልነበረው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ረጅም ቀርከሃ ቆረጠ፣ ጫፉ ላይ ማጭድ አሰረ። አሁን መሬት ላይ ቆሞ የጣራ ማሰሪያ መቁረጥ ይችላል። ከበሬ ቆዳ ጠፍር ፈተለ፣ ጫፉ ላይ የብረት ሜንጦ፣ እንደ ጥፍር የቆለፈ መንጠቆ፣ ቋጠረ። አሁን አምስት ሰው የማይሸከመውን ሣር በአንድ ጊዜ መጎተት ይችላል። መንደሩ ሳቀ። የሙት ዕቃ አሉት።

በመጋቢት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንደሩ ላይኛው ጫፍ እሳት ተነሣ። ነፋሱ ከበረሃው ወጣ። እሳቱ ዘለለ። ሴቶቹ ወደ ምንጩ ወረዱ። ወንዶቹ ቅጠል ይዘው ቆሙ። ስንሻው ቀርከሃውን ተሸክሞ እያነከሰ ሮጠ። ሊነድ ተራው የደረሰው የአያ አበጀ ቤት ነበር። አበጀ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«አያ አበጀ፣ ልግፈፈው» አለ ስንሻው።

«ልጆች አሉኝ! ከነነፍሴ ልትቀብረኝ ነው?»

ስንሻው ለመነው። በእግዜር አለው፣ በልጆችህ አለው። ተንበርክኮ እግሩን ያዘው። አበጀ እንቢ አለ። ስንሻው ሲለምን እሳቱ ዘለለ። የአበጀ ቤት ነደደ። ቀጥሎ ያለው ነደደ። ያን ቀን አሥራ አንድ ቤት ነደደ፤ አሥራ አንደኛው የእማማ ድንቄ ቤት ነበር። አርጅተዋል፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ከወደቀው ጣራ ሥር አገኟቸው።

ስንሻው አመዱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሙት አያለቅስም ቢሉትም አለቀሰ። ከዚያ አንጓችን እንዲህ አላት፦

«ለምኜ ነው የገደልኳቸው። ሁለተኛ አልለምንም።»

እማማ ድንቄ ወራሽ አልነበራቸውም። ግድግዳቸው ለዝናብ ተተወ። በማግስቱ ጠዋት እንደምን አደርክ የሚለው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለውም ጠዋት አልነበረም። ስንሻው ግን ጠዋት ጠዋት በዚያ ቤት ፊት ይቆምና ራሱ ይጮሃል፦ «እንደምን አደሩ፣ እማማ!» ጎረቤቱ ራሱን ይነቀንቃል። ሙትና ሙት ተገናኙ ይላል። ስንሻው እንደሆነ አልተወም። ማጭዱንም በየሳምንቱ ይስል ነበር።

ዓመቱ ደግሞ ዞረ። በመጋቢት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እሳት ተነሣ። ነፋሱ ከበረሃው ወጣ። እሳቱ ዘለለ። በዚህ ጊዜ ያመራው ወደ ጭቃ ሹም ዘገየ ቤት ነው። የዘገየ ቤት ከሁሉ ትልቅ ነው፣ ክዳኑ ከሁሉ ወፍራም ነው። ከጀርባው ደግሞ የመንደሩ ጎተራዎች ተደርድረዋል። የሚበላውም የሚዘራውም እህል እዚያ ነው ያለው። ያ ጣራ ከነደደ ጎተራው ይነዳል። ጎተራው ከነደደ ሰንበሌጥ አፋፍ የሚባል አገር ለመጪው ዓመት የለም።

ስንሻው ቀርከሃውን ይዞ መጣ። አንጓች ጠፍሩን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማ ተከተለችው። ዘገየ ጦሩን ነቅንቆ በሩ ላይ ቆመ።

«ጣራዬን ብትነካ ገደልኩህ!»

ስንሻው አልተንበረከከም። እያነከሰ ወደ ጦሩ ቀረበ። ጫፉ ደረቱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«ጌታው፣ እኔን ሞቷል ያሉት እርስዎ ነዎት» አለ። «ሙት ከሆንኩ እንዴት ይገድሉኛል? ከገደሉኝም እስከ ዛሬ በሕይወት ነበርኩ ማለት ነው። አንዱን ይምረጡ። እኔ ግን ሥራ አለብኝ።»

ብሎ አልፎት ሄደ። ዘገየ ጦሩን አነሣ። ሊወጋው ፈለገ፤ ቢወጋው የራሱን ፍርድ ሊያፈርስ ነው። ሊተወው ፈለገ፤ ቢተወው ጣራው ሊወርድ ነው። እሱ ሲያወላውል ቀርከሃው ተዘረጋ፣ ማጭዱ ማሰሪያዋን አገኘ። ክዳኑ ወረደ። የልጁ ሣር ወረደ፣ የአባቱ ሣር ወረደ፣ እንደ ከሰል የጠቆረው የአያቱ ሣር ወረደ። ውስጡ የከረመ አይጥ በሙሉ በሹሙ እግር መሀል ሸሸ።

አንጓች ሜንጦውን ክምሩ ላይ ጥላ ጎተተች። ብቻዋን አልቻለችም። «አንቺ እንስራ ያዘልሽ ሁሉ፣ አውርጂና ነይ!» ብላ ጮኸች። አንዲት ሴት እንስራዋን አወረደች። ሌላዋም አወረደች። ከዚያ ዱላውን ጥሎ የመጣው ማን ነበር? አያ አበጀ። ጠፍሩን ከፊት ይዞ፣ እያለቀሰ ጎተተ። ሣሩን በሙሉ ገደል ጣሉት። እሳቱ እየፎከረ መጣ። ወራጅ አገኘ፣ ማገር አገኘ፣ የሚበላ ሣር ግን አጣ። ወንዶቹ በቅጠል መቱት። እዚያው ሞተ። ጎተራው ተረፈ።

ከዚያ ሰው ሁሉ የጭቃ ሹሙን ራቁት ጣራ አየ። በሰው እጅ የተገፈፈ ጣራ ነው። ደንቡም ያው ደንብ ነው። ከኋላ አንዱ ሽማግሌ ልማድ ሆኖበት «ነፍስ ይ...» ብሎ ጀመረና ቀሪውን ዋጠው። ዘገየ ራሱ አንጋጦ አየ። በወራጆቹ መሀል ሰማዩ ይታያል።

አንጓች ጥላሸቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች።

«ጌታው፣ ለቅሶ እንቀመጥልዎ ወይስ ሣር እናምጣ?»

ዘገየ ዓይኑን ከሰማዩ ወደ ጎተራዎቹ፣ ከጎተራዎቹ ወደ እግሩ አወረደ። 

«ሣር» አለ በመጨረሻ፣ ወደ መሬት።

«አልተሰማም» አለች አንጓች።

«ሣር! ሣር አምጡ!»

ስንሻው በዚህ መሀል ጣራው ላይ ወጥቶ የቀረውን ፍም በእርጥብ ጆንያ እያጠፋ ነበር። ከላይ ሆኖ ጠየቀ፦

«ሣሩስ ይምጣ፤ የሚከድነው ማን ነው?»

«አንተ ነህ እንጂ ሌላ ማን አለ?» አለ ዘገየ።

«እኔማ ሙት ነኝ።»

አልወረደም። ቁጭ አለ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ እሱ ቁጭ እንዳለ ነው። ጭቃ ሹሙ ጦሩን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእማማ ድንቄ በቀር ማንም ያላለውን ቃል ቀና ብሎ አለ፦

«እንደምን ዋልክ፣ ስንሻው።»

ስንሻው ጆንያውን ጣለና ተነሥቶ ቆመ። 

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ዋሉ?»

ከዚያ መንደሩ ተንጫጫ። እንደምን ዋልክ ስንሻው፣ እንደምን ዋልክ ስንሻው! እሱ ወረደ፤ ግን የሹሙን ቤት አልጀመረም። መጀመሪያ ሰው የሌለበትን የእማማ ድንቄን ግድግዳ ከደነ። ሦስት ቀን ፈጀበት። ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃ ሹም ዘገየ ኮከብ እየቆጠረ አደረ። በዚያ ቤት ውስጥ ቀርከሃው ተቀመጠ፣ ጠፍርና ሜንጦው ተቀመጠ፣ በየቀኑ ውሃቸው የሚሞላ አሥራ አንድ እንስራዎች ተደረደሩ። በሩ መዝጊያ አልተሠራለትም። እሳት ሲነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እማማ ድንቄ ቤት ሆነ።

ይኸው እስከ ዛሬ፣ በዚያ አገር ያን ቤት የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ሰላም ይለዋል። እስከ ዛሬ፣ ቤት ሲከደን ከጉልላቱ ሥር ያለችው ማሰሪያ ጫፏ ረዝሞ ወደ ደጅ ይንጠለጠላል፤ በችግር ቀን ጎረቤት ሳይለምን እንዲስባት ነው። የስንሻው ጫፍ ይሏታል። ከዳኙም ሥራውን ሲጨርስ አይወርድም። ጣራው ላይ ቁጭ ይልና ባለቤቱን ይጠይቃል፦ «ለቅሶ ወይስ ሣር?» ዘንድሮ ብዙው ቤት ቆርቆሮ ሆኗል፤ ቆርቆሮ መቺውም ቢሆን መዶሻውን አስቀምጦ ይጠይቃል። ባለቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከመለሰ፣ ደጅ የቆሙት ሴቶች «አልተሰማም!» ይሉታል። ያን ጊዜ ከገደል ገደል እስኪያስተጋባ መጮህ አለበት፦

«ሣር!»