ያልተፈተገው አጃ

እናንተ ሰው በከንቱ ፉክክር ሲዳክር ባያችሁ ቁጥር ያቺን የገንፎ ተረት ጣል ታደርጋላችሁ። ከየት እንደመጣች ግን አንዳችሁም ጠይቃችሁ አታውቁም። እንግዲያው ስሙ፤ ነገሩ የሆነው በእኔው ዘመዶች ቤት ነው፤ እያፈርኩም ቢሆን አልደብቀውም።

ይመናሹ የምትባል ሴት ነበረች፤ የእማማ ብርቄ ታላቅ ምራት። በእኛ ቆላ የአራስ ገንፎ የሚያማስል ሰው እንደዋዛ አይመረጥም። በእማማ ብርቄ ቤት ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማማሰያው ከይመናሹ እጅ ወጥቶ አያውቅም። እሷ ራሷ ልጅ አልወለደችም። በዚያ ቤት ክብሯ ያቺ ማማሰያ ብቻ ነበረች።

ታዲያ የእማማ ብርቄ ትንሹ ልጅ ከደጋ ሚስት አገባ፤ አበሩ ትባላለች። ከጓዟ ጋር አንድ ስልቻ አጃ ይዛ መጣች። እኛ ማሽላና ጤፍ እንጂ አጃ የት እናውቃለን! በዚያው ሰሞን እማማ ብርቄ ታመው እህል አልወርድ ቢላቸው፣ ልጅቷ ካጃው ገንፎ ሠርታ አበላቻቸው። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ደጅ ወጡ። ከዚያ ወዲያማ «የአበሩ እጅ! የአበሩ እጅ!» እያሉ መንደሩን አደነቆሩት። ይመናሹ ይህን በሰማች ቁጥር ትንገበገብ ነበር።

ይባስ ብሎ ልጃቸው ዘርፌ ልትወልድ እናቷ ቤት ስትመጣ፣ እማማ ብርቄ «የአራሷ ገንፎ ያጃ ይሁን» አሉ። ይመናሹ በቃ፣ ይቺ የትናንት ልጅ ማማሰያዬን ልትቀማኝ ነው አለች። እንቅልፍ አጣች፤ አበሩን ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ጀመር።

አበሩ ግን የዋህ ነበረች። አንድ ቀን ጠጋ ብላ፣ «እትዬ ይመናሹ፣ ያጃ አሠራሩ ትንሽ ይለያል፤ ላሳይዎት?» አለቻት።

«አንቺ ነሽ ለእኔ ገንፎ የምታስተምሪ? ሂጂ ወዲያ!»

ልጅቷ አፍራ ሄደች።

የምጡ ቀን አበሩ ውኃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳ ነበር። ዘርፌ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ ሴቶቹም ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ይመናሹ ጊዜ አላጠፋችም። ስልቻውን ፈትታ አጃውን እንዳለ ወፍጮው ላይ ዘርግፋ ፈጨችው፤ በችኮላ ነፋ ነፋ አደረገችው። የአጃ ገለባ እህሉን ሙጭጭ ብሎ እንደሚይዝ፣ ውኃ ነካ ተደርጎ ሙቀጫ ውስጥ ካልተፈተገ እንደማይለቅ ማን ይንገራት? የሚነግራትንማ አባርራዋለች! ላቧ ጠብ እስኪል አማሰለች። መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ ሞላችበት። ለዓይንማ እንዴት ያምር ነበር!

ዘርፌ አንዴ እንደጎረሰች ትን አላት። ሳለች፣ ሳለች፣ ዓይኗ ቀላ። አዋላጇ እማማ ዳሳሽ ጣታቸውን ከተው ካፏ ገለባ አወጡ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው! አራሷን ልትገድሏት ነው እንዴ?»

«ምንም አልሆነም!» አለች ይመናሹ። «እሷ ሞልቃቃ ሆና ነው። እኔን እዩኝ!»

ትልቅ ጉርሻ ጎረሰችና ዋጠች። ደገመች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ «ይጣፍጣል» ልትል ስትሞክር ድምፅዋ እንቢ አላት።

ይኼኔ አበሩ እንስራዋን አዝላ ደረሰች። ገበታውን አይታ ነገሩ ገባት። ወደ ጓዳ ገብታ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ይዛ ወጣች።

«እኔን! ትናንት እኮ ፈትጌ፣ ፈጭቼ አስቀምጬው ነበር። እትዬ ይመናሹ እያሉ እኔ ማማሰያ አልነካም ብዬ እማማን ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። እልልታውን ሰምቼ ዱቄቱን ለእትዬ ይመናሹ ላቀብላቸው ነበር እየሮጥኩ የመጣሁት።»

ይመናሹን ሳል ያጣድፋት ጀመር። እማማ ዳሳሽ በቅል ውኃ አቀበሏትና ጀርባዋን እየደባበሱ፣ «ጠጪ ልጄ፣ ጠጪ፤ ቅናት ያገነፋው ገንፎ ጉሮሮ ይወጋል» አሉ።