የፎቶ አንሺው ባትሪ

ባለቤቴ ብሩክታዊት ካረፈች አምስት ወር ሆነ።

ዛሬ እሁድ ታላቅ እህቷ ወይንሸት ከሀዋሳ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ።

«ረድኤትን መቼ ነው የምትሰጠኝ?»

ረድኤት ልጃችን ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብዙ አታወራም። ባለፈው እሁድ ወይንሸት ቤቷ ወስዳት ነበር። ልደት ነበር። ሙዚቃ፣ ፊኛ፣ አሥራ አምስት ልጅ። ረድኤት ሆዷን ይዛ ስትስቅ ዋለች። ሰኞ ቤት ስትመለስ ግን ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እስከ ረቡዕ ትምህርት ቤት አልሄደችም።

«ስትስቅ በዓይኔ አይቻታለሁ» አለች ወይንሸት። «አንተ እንደሆንክ ወሬ በገንዘብ የሚገዛ ይመስል ዝም ነው። ቤቱ ገዳም ሆኗል! እኔ ጋ አምስት ልጅ አለ። አንድ ወር ብቻ ስጠኝ፣ እንደ ድሮዋ አድርጌ እመልስልሃለሁ። ለምንድን ነው እምቢ የምትለው?»

እኔ ባትሪ ሻጭ ነኝ። ከባትሪ ሌላ ብዙ አላውቅም።

«እትዬ፣ ተቀመጪና አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት።

«ይኸው! ስለ ልጅ ስጠይቀው ባትሪ ሊያወራልኝ ነው» አለች። ግን ተቀመጠች።

እንዲህ ብዬ ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። ፎቶ አንሺ ነበር። ቤቱ መኪናው ነበረች። ከኋላዋ አልጋ፣ ምድጃና ትንሽ የፎቶ ማተሚያ ነበራት። ከገበያ ገበያ ይዞራል። ያን ጊዜ ስልክ በየሰዉ እጅ አልገባም ነበር። ሰው ፎቶ ለመነሳት ገላውን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ነበር የሚመጣው። በመኪናዋ በር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ኮት የሌለው ሁሉ እሱን ለብሶ ይነሳል። በዚያ አገር በስንቱ ቤት ግድግዳ ላይ ያ ኮት ነበር! ፎቶው እዚያው ታትሞ፣ ሙቀቱ ሳይወጣለት ለባለቤቱ ይሰጣል።

መኪናዋ ሁለት ባትሪ ነበራት። አንደኛው ሞተር ያስነሳል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰጥቶ ያርፋል። ሁለተኛው ማተሚያውን የሚያሠራው ነው። እሱ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ ቀኑን ሙሉ ይቆያል። ኃይሉ እስከ ታች ይወርዳል፣ ሲሞላም ቀስ ብሎ ነው። እኛ ዲፕ ሳይክል እንለዋለን።

ፎቶ አንሺው ዱሮ በገበያና በገበያ መካከል ሁለት ሦስት ቀን ያርፍ ነበር። ባትሪውም አብሮት ያርፋል፣ በዝግታ ይሞላል። ኋላ መንገዱ አስፋልት ሆነ። ገበያዎቹ ተቀራረቡ። ሰውዬው ቸኮለ።

በመንገድ ዳር የታክሲ ባትሪ የሚሞላ ቤት ገባ። ሠራተኛው ትልቁን ቻርጀር ሰካበት። ብዙም ሳይቆይ ባትሪው ይንተከተክ ጀመር። በእኛ ሥራ ሰው ሁሉ ጆሮውን አስጠግቶ ነው የሚያዳምጠው። ከተንተከተከ ሞላ ይላል።

«ፈልቷል ጋሼ፣ ይውሰዱት!» አለው ሠራተኛው።

በማግስቱ ማተሚያው እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ሠራ። በሳምንቱ እስከ ስድስት። ቀጥሎ እስከ አራት። ሰውዬው ቻርጀሩ ጉልበት ያነሰው መሰለውና ከዚያ የበለጠ ትልቅ ቻርጀር ያለው ቤት ይፈልግ ጀመር።

አንድ ቀን ሁለት አዛውንት፣ ባልና ሚስት መጡ። አብረው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ባልየው ኮቱን ለበሱ። ሚስትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ያ ማተሚያ ቀለሙን በየተራ ነው የሚያትመው። መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ መጨረሻ ሰማያዊ። ቢጫውን እንደጨረሰ ባትሪው አለቀ።

ሴትዮዋ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «እኛ ነን ወይስ ጭጋግ ነው?» አሉ።

«አስተካክዬ እመጣለሁ። ትንሽ ቀን ይጠብቁኛል?» አለ ፎቶ አንሺው።

«አርባ ዓመት ጠብቀናል፣ ልጄ» አሉ ባልየው።

ሰውዬው አፈረ። በቀጥታ ባትሪ ወደሚሸጥ ሰው ሄደ። «ካለህ ቻርጀር ትልቁን ስጠኝ» አለው።

«ባትሪህ ስንት ነው?»

«መቶ አምፔር።»

ሻጩ ትልቁን ወደ ጎን ገፋና አንድ ትንሽ አወጣ። አሥር አምፔር የሚሰጥ ነው። «ይኼ ሊሞላ ሲቃረብ ራሱ ይቀንሳል። ከሞላም በኋላ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ ይጠብቀዋል። ባትሪህ ተጎድቷል፣ ሁለት ቀን ሰክተህ ተወው።»

«ሁለት ቀን! እነዚያ በአንድ ሰዓት አፍልተውልኛል እኮ።»

«አፍልተውታል። አልሞሉትም። የፈላው ውስጡ ያለው ውሃ ነው።»

ፎቶ አንሺው መኪናዋን እዚያው አቆመ። ሁለት ገበያ አለፈው። ባትሪው አጠገብ ተቀመጠ። ምንም ድምፅ የለም። የተቋረጠ እየመሰለው ሽቦውን ደጋግሞ ነካካ። ትልቁን ቻርጀር ግን አልጠየቀም። በሦስተኛው ቀን ወደ አዛውንቶቹ ተመለሰ። ማተሚያው ቢጫውን፣ ቀዩን፣ ሰማያዊውን አትሞ ጨረሰ። ባትሪው እንደ አዲስነቱ አልሆነም። የተጎዳው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ግን አልቀነሰም።

ወደ ወይንሸት ዞርኩ።

«እትዬ፣ ባትሪው ረድኤት ናት። እሁድ ያየሽው ሳቅ ውሸት አይደለም። ግን መፍላት ነው። ቤትሽ ለደህና ልጅ ጥሩ ነው። ይቺ ልጅ ግን እስከ ታች ወርዳለች። ለእሷ የሚሆናት ጥቂት ነው፣ በየቀኑ። ድምፅ ስለሌለው የተቋረጠ ይመስልሻል። እኔም አንዳንዴ ይመስለኛል። እንደ ድሮዋ ትሆናለች ብዬ አልዋሽሽም። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ። ልጆችሽንም አንድ በአንድ አምጪያቸው።»

«እኔ ትልቁ ቻርጀር ነኝ ማለትህ ነው?» አለች ወይንሸት።

«ነሽ።»

«አፍህን ያዝ!» አለችኝ። ዓይኗን ግን በሻርፗ ጠረገች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻዋን ሄደች።

ከዚያ የረድኤትን ዩኒፎርም ለነገ አጠብኩ። ካልሲዎቿን ልጀምር ስል መጥታ አንዱን ከእጄ ወሰደች። አንዱን እሷ አጠበች፣ ሌላውን እኔ። ገመድ ላይ አሰጣኋቸው።